ያገለገለ ሞተርሆም ላይ የተገጠመ ሶላር፦ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚፈተሽ

ያገለገለ ሞተርሆም (ውስጡ እንደ ቤት የተዘጋጀ መኪና) የሚሸጥ ሰው በኩራት የሚያሳየው ጣሪያው ላይ ያለውን ፓነልና «100%» እያለ የሚያበራውን ትንሽ ስክሪን ነው። ሁለቱም ስለ ሥርዓቱ ጤንነት የሚናገሩት ጥቂት ነው። ፓነል ከሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነው። የሚደክመው ባትሪው፣ የሚላላው ማያያዣው፣ ተረስቶ የሚቀረው ደግሞ የኮንትሮለሩ፣ ማለትም ከፓነል ወደ ባትሪ የሚሄደውን ቻርጅ የሚቆጣጠረው ሣጥን፣ ሴቲንግ ነው። ስለዚህ ፍተሻውን ከባትሪው ጀምሮ ወደ ጣሪያው መውጣት ይሻላል።

ለሥራው ማልቲሜትር፣ ዲሲ አምፔር የሚለካ ክላምፕ ሜትር፣ ካቻቢቴ፣ ቁልፎችና የእጅ ባትሪ ይበቃሉ። ብዙ ርካሽ ክላምፕ ሜትሮች ኤሲ (የቤት መስመር ኤሌክትሪክ) ብቻ ስለሚለኩ ሲገዙ ዲሲም (የባትሪና የፓነል ኤሌክትሪክ) እንደሚለካ ያረጋግጡ። ማንኛውም ሽቦ ከመፈታቱ በፊት ፎቶ ይነሣ፣ በናስትሮ ምልክት ይደረግበት። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይውለቁ፦ የ12 ቮልት ባትሪ በኤሌክትሪክ አይመታም፤ በሁለት ጫፎቹ መካከል የገባ ብረት ግን ወዲያው ይግላል፣ ጣትንም ያቃጥላል።

መስመሩን መከተል

በአብዛኞቹ ሞተርሆሞች ውስጥ ሁለት የተለያዩ ባትሪዎች አሉ፦ ሞተር የሚያስነሣው እና የቤቱን መብራት፣ ፓምፕና ፍሪጅ የሚሸከመው። ሶላሩ የሚሞላው በዋናነት የቤቱን ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ ግን ከሌሎች ሁለት ምንጮችም ይሞላል፤ አንዱ ከውጭ ኬብል ሲሰካ የሚሠራው ቻርጀር ነው፣ ሌላው የሞተሩ ዲናሞ። የሻጩ መኪና ግቢ ውስጥ ኬብል ተሰክቶበት ቆሞ ባትሪው ሞልቶ ቢያገኙት ሶላሩ መሥራቱን አያሳይም። የሶላር ልኬት በሙሉ የሚወሰደው ሞተሩ ጠፍቶ፣ የውጭ ኬብሉ ተነቅሎ ነው።

ከዚያ ሽቦውን በዓይን ይከተሉ። ከፓነሉ ሁለት ሽቦዎች በጣሪያው በኩል ይገባሉ፣ ወደ ቻርጅ ኮንትሮለሩ ይደርሳሉ፣ ከእሱ ወደ ባትሪው ይሄዳሉ። ከባትሪው ደግሞ አንዱ መስመር ወደ ፊውዝ ሳጥኑ፣ ሌላው ወፍራም መስመር ኢንቨርተር (የባትሪውን ዲሲ ወደ ቤት ኤሲ የሚቀይር መሣሪያ) ካለ ወደ እሱ ይሄዳል። ይህን በወረቀት ላይ በሣጥንና በመስመር ይሣሉት። መንገዱ ግልጽ ያልሆነ ሽቦ ካጋጠመዎት፣ ጫፉ በናስትሮ ተጠቅልሎ የቀረ ከሆነም፣ በጥያቄ ምልክት ይያዙት። ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከአንድ በላይ ባለቤት የየራሱን ሽቦ ጨምሮበት መገኘቱ የተለመደ ነው።

ባትሪው

መጀመሪያ ዓይነቱን ይለዩ። ክዳን ያለውና ውሃ የሚጨመርበት የአሲድ ባትሪ፣ የተዘጋው ኤጂኤም፣ ጄል፣ ወይም ሊቲየም አይረን ፎስፌት ሊሆን ይችላል። ዓይነቱን ሳያውቁ ኮንትሮለሩን ማስተካከል አይቻልም። የተመረተበትን ጊዜም ይፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ ሽፋኑ ላይ ወይም ጫፉ አጠገብ ተቀርጾ ይገኛል። ውሃ የሚጨመርበት ከሆነ የፈሳሹን ከፍታ ይመልከቱ፦ ሳህኖቹ ከፈሳሹ በላይ ታይተው ከነበረ የታየው ክፍል ተጎድቷል፤ የባትሪ ውሃ ቢጨመርም ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

ቮልቱ የሚነበበው ባትሪው ሲያርፍ ነው። ፓነሉን ከኮንትሮለሩ ያላቅቁ ወይም የፓነሉን ፊውዝ ያውጡ፣ ሁሉንም ዕቃ ያጥፉ፣ ቢያንስ ጥቂት ሰዓት ይጠብቁ። ለአሲድና ለኤጂኤም ባትሪ 12.7 ቮልት አካባቢ ሙሉ ነው፤ 12.4 ወደ ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ አካባቢ ነው። ከቻርጅ ላይ እንደተነሣ የሚነበበው 13 ቮልት የላይ ላዩን ብቻ የሚያሳይ ነውና አይታመንም። ንባቡ ወደ 10.5 ከሆነና ቻርጅ ተደርጎም ከዚያ ብዙ ካልወጣ፣ ከስድስቱ ሴሎች አንዱ ሞቷል፤ ይህን ባትሪ ማዳን አይቻልም።

ሊቲየም ላይ የቮልት ንባብ ብዙም አይረዳም። አብዛኛው አቅሙ ከ13.1 እስከ 13.3 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ስለሚያልፍ በቮልት ብቻ ግማሽ መሆኑንና ሦስት አራተኛ መሆኑን መለየት ያስቸግራል። ለእሱ ሻንት ያለው የባትሪ ሞኒተር ያስፈልጋል፤ ይህም የገባውንና የወጣውን አምፔር እየቆጠረ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ሞኒተር ካለ ሁሉም የኔጌቲቭ ሽቦ በሻንቱ በኩል ማለፉን ያረጋግጡ። አንድ ሽቦ እንኳ በቀጥታ ባትሪው ላይ ከታሰረ ቆጠራው ቀስ በቀስ ይዛባል፣ ከጥቂት ቀን በኋላም ስክሪኑ የሚለው ሌላ፣ ባትሪው ያለው ሌላ ይሆናል።

ቮልቱ ጥሩ መሆኑ ብቻ አቅሙን አያሳይም። የደከመ የአሲድ ባትሪ 12.7 አሳይቶ በአንድ ሰዓት ሊወድቅ ይችላል። ፈጣኑ ፈተና ይህ ነው፦ የሞላ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ላይ ወደ 10 አምፔር የሚወስዱ ዕቃዎችን ያብሩና ለ15 ደቂቃ ቮልቱን ይከታተሉ። ጤነኛው መጀመሪያ ትንሽ ወርዶ 12.4 አካባቢ ይረጋጋል። የደከመው መውረዱን አያቆምም፣ ከ12 በታችም ይገባል። ጊዜ ካለ የበለጠ የሚታመነው ረጅሙ ፈተና ነው፦ 5 አምፔር ለ8 ሰዓት ማለት 40 አምፔር ሰዓት ነው፤ ከዚያ ካረፈ በኋላ 12.3 አካባቢ ካልተገኘ የተጻፈበት 100 ዛሬ የለም ማለት ነው።

ሁለትና ከዚያ በላይ ባትሪዎች በፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ) ከታሰሩ ለየብቻ አላቅቀው ይለኩ። አንዱ አሮጌ፣ ሌላው አዲስ ሆኖ መገኘት የተለመደ ጥፋት ነው፤ አሮጌው ሌሊቱን በሙሉ አዲሱን ይጠጣዋል። ለአሲድና ለኤጂኤም ከተጻፈው አቅም ግማሹን፣ ለሊቲየም ደግሞ ከ80 እስከ 90 በመቶውን ጥቅም ላይ የሚውል አድርገው ያስሉ።

ኮንትሮለሩ

ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱትም፣ ርካሽ መፍትሔ የሚገኘውም እዚህ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ሁለት ዓይነት አለ። ፒደብልዩኤም የሚባለው ፓነሉን ከባትሪው ጋር በቀጥታ እንደማገናኘት ነው፤ የፓነሉ ቮልት ወደ ባትሪው ቮልት ይወርዳል፣ ትርፉ ቮልት ይባክናል። 100 ዋት ፓነል በ18 ቮልት 5.5 አምፔር ያመነጫል እንበል። በፒደብልዩኤም ባትሪው ጋ የሚደርሰው ያው 5.5 አምፔር በ13 ቮልት፣ ማለትም 72 ዋት ገደማ ነው። ኤምፒፒቲ ግን ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር ስለሚቀይረው ከ7 አምፔር በላይ ይሰጣል።

ይህ ልዩነት ለትንሽ ባለ 36 ሴል ፓነል የሚቻል ነው። ችግሩ የሚብሰው ለቤት ጣሪያ የተሠራ ባለ 60 ሴል ፓነል ከፒደብልዩኤም ጋር ሲታሰር ነው። 32 ቮልትና 9.4 አምፔር ያለው 300 ዋት ፓነል በዚህ መልክ የሚሰጠው 120 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ሻጩ «300 ዋት ሶላር አለው» ሲል አልዋሸም፤ ግን ከግማሽ በላዩ ባትሪው ጋ አይደርስም። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ኮንትሮለሩን ብቻ መቀየር ሁለተኛ ፓነል ከመጨመር ይበልጣል።

ዓይነቱን በጽሑፉ ብቻ አይመኑ፤ ኤምፒፒቲ ተብሎ የተጻፈበት ርካሽ ፒደብልዩኤም ሞልቷል። ባትሪው ባልሞላበት ሰዓትና ጥሩ ፀሐይ ባለበት ከፓነል ወደ ኮንትሮለር የሚገባውን አምፔር፣ ከዚያም ከኮንትሮለር ወደ ባትሪ የሚወጣውን በክላምፕ ሜትር ይለኩ። ሁለቱ እኩል ከሆኑና የፓነሉ ቮልትም ከባትሪው ጋር ከተቀራረበ ፒደብልዩኤም ነው። የሚወጣው አምፔር ከሚገባው ከበለጠ ኤምፒፒቲ ነው።

ቀጥሎ ሴቲንጉ ይታያል። ለአብዛኛው የአሲድና ኤጂኤም ባትሪ የመሙያ ቮልት ከ14.4 እስከ 14.7፣ ሞልቶ የሚቆይበት ከ13.5 እስከ 13.8 ነው። ጄል ዝቅ ይላል፣ ከ14.1 እስከ 14.4። ሊቲየም ከ14.2 እስከ 14.6 ይፈልጋል። ትክክለኛው ቁጥር የባትሪው አምራች የጻፈው ነው። ከ15 ቮልት በላይ የሚወጣው፣ ሴሎቹን እኩል ለመሙላት የሚደረገው የማመጣጠኛ ዙር ውሃ ለሚጨመርበት ባትሪ ብቻ ነው፤ ኤጂኤም፣ ጄልና ሊቲየም ላይ ያበላሻል። ብዙ ኮንትሮለሮች ይህን ዙር በራሳቸው ጊዜ ስለሚጀምሩ ባትሪው የተዘጋ ወይም ሊቲየም ከሆነ ማጥፋት ግድ ነው። የቀድሞው ባለቤት የአሲድ ባትሪውን በሊቲየም ቀይሮ ሴቲንጉን እንዳለ የተወበት መኪና ጥቂት አይደለም።

ሙቀትም ቮልቱን ይነካል። ለአሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ የመሙያ ቮልቱ ከ0.02 እስከ 0.03 ቮልት መቀነስ፣ ከ25 በታች በዚያው መጠን መጨመር አለበት። ለዚህ የተሠራው ሴንሰር ባትሪው ላይ መለጠፍ ሲገባው ተጠቅልሎ ከኮንትሮለሩ ጀርባ ተሰክቶ ይገኛል። ሊቲየም ይህን ማስተካከያ አይፈልግም፤ ነገር ግን ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም። ቢኤምኤሱ (የሊቲየም ባትሪው የራሱ መቆጣጠሪያ) ይህን መከላከያ እንዳለው ይጠይቁ፤ ሁሉም የለውም።

ቀትር ላይ ፀሐይ እያቃጠለ ኮንትሮለሩ 0.5 አምፔር ብቻ ቢያሳይ ብልሽት ነው ብለው አይቸኩሉ። ባትሪው ከሞላ ኮንትሮለሩ ራሱ ይቀንሳል። ትልቅ ነገር ያብሩና ይመልከቱ፤ አምፔሩ ወዲያው ከጨመረ ሥርዓቱ ጤነኛ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው መቶኛ ደግሞ በርካሾቹ ላይ ከቮልት የተገመተ ብቻ ስለሆነ ፀሐይ ባለበት ሁሉ «100%» ይላል።

ኮንትሮለሩን ሲፈቱና ሲያስሩ ቅደም ተከተሉ አይቀየርም፦ ሲታሰር ባትሪው መጀመሪያ፣ ፓነሉ በኋላ፤ ሲፈታ ፓነሉ መጀመሪያ። ኮንትሮለሩ 12 ወይም 24 ቮልት መሆኑን የሚለየው ከባትሪው ነው፤ ባትሪ ሳይኖር ፓነል ከገባበት ቮልቱ ወጥቶ ሊያቃጥለው ይችላል። የአምፖል ሥዕል ያለበት መውጫ ካለው ኢንቨርተር እዚያ ላይ አይታሰርም፤ ያ መውጫ ብዙውን ጊዜ የሚችለው ከ10 እስከ 20 አምፔር ነው። አንዳንድ ርካሽ ፒደብልዩኤሞች ውስጥ ከፓነል ወደ ባትሪ በቀጥታ የሚገናኘው ፖዘቲቩ ነው፤ ቁጥጥሩ ያለው ኔጌቲቩ ላይ ነው። በእነዚህ ላይ የፓነሉን ኔጌቲቭ ከሻሲው ጋር ካገናኙት ፓነሉ ያለ ቁጥጥር ባትሪውን መሙላቱን ይቀጥላል።

ጣሪያው

ከፓነሉ ጀርባ ያለው ጽሑፍ የክፍት ቮልቱን (ምንም ሳይገናኝበት የሚሰጠውን) እና የሾርት አምፔሩን (ሁለቱ ሽቦዎቹ በሜትሩ በኩል በቀጥታ ሲገናኙ የሚሰጠውን) ይናገራል። ባለ 36 ሴል 100 ዋት ፓነል ላይ ክፍት ቮልቱ 22 አካባቢ፣ የሾርት አምፔሩ 6 አካባቢ ነው። ጀርባው ተጣብቆ የማይታይ ከሆነ ሻጩን ወረቀቱን ይጠይቁ። ለመለካት ፓነሉን በወፍራም ብርድ ልብስ ይሸፍኑ፣ ኤምሲ4 ማያያዣውን ያላቅቁ፣ ሜትሩን ያገናኙ፣ ከዚያ ሽፋኑን ያንሡ። ኤሌክትሪክ እያለፈ እያለ ኤምሲ4 መንቀል የማይጠፋ ብልጭታ ፈጥሮ ማያያዣውን ያቀልጣል።

ቮልቱ ለተጻፈው ቅርብ ከሆነ ጥሩ ነው። ዜሮ ከሆነ ሽቦ ተቆርጧል ወይም ከጀርባው ያለው ሣጥን ውስጥ የተነቀለ አለ። ከ22 ይልቅ 11 አካባቢ ከሆነ በሣጥኑ ውስጥ ካሉት ሁለት ዳዮዶች አንዱ ሾርት ሆኖ የፓነሉን ግማሽ አውጥቶታል፤ ዳዮዱን መቀየር የሚቻልበት ጊዜ አለ። ጥሩ ቮልት ብቻ ግን በቂ አይደለም፤ የተበላሸ ማያያዣ አምፔር እስኪያልፍበት ድረስ ቮልቱን አይነካም። ስለዚህ የሾርት አምፔሩንም ይለኩ፣ ብዙ ማልቲሜትሮች እስከ 10 አምፔር ብቻ ስለሚችሉ ግን ፓነሎቹን አንድ በአንድ። ፀሐይዋ ዝቅ ካለች ወይም ሰማዩ ከደመነ የተጻፈው ግማሽ ቢገኝ የተለመደ ነው፤ ጠፍጣፋ የተነጠፈ ፓነል ሙሉ ቁጥሩን የሚሰጠው እምብዛም ነው። ሁለት ተመሳሳይ ፓነሎች በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተለክተው የሚለያዩበት መጠን የበለጠ ይናገራል።

ጥላ ሲባል ትልቅ ዛፍ ብቻ አይደለም። የአንቴና ዘንግ ወይም የጣሪያ መስኮት ክዳን ጥቂት ሴሎች ላይ ቢያርፍ የፓነሉን ግማሽ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ዕቃ የበዛበት ጣሪያ ላይ ፓራለል ይመረጣል። ፓነሎቹ በሲሪስ (የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር፣ ቮልታቸው እየተደመረ) ከታሰሩ ግን የቅዝቃዜውን ሒሳብ ይሥሩ፦ የፓነል ቮልት በቅዝቃዜ ይወጣል፣ በ10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ከተጻፈው ወደ 10 በመቶ ገደማ። ሁለት ባለ 22 ቮልት ፓነሎች 44 መሆናቸው ቀርቶ ከ48 በላይ ይደርሳሉ፤ የኮንትሮለሩ ጣሪያ 50 ቮልት ከሆነ ይህ አደገኛ ቅርበት ነው። ሦስት ከሆኑ ወደ 73 ይደርሳሉና 75 ቮልት ለሚችለውም ያው አደገኛ ቅርበት ነው።

ጣሪያው ላይ የተለጠፉ ቀጫጭን ተጣጣፊ ፓነሎች በጥርጣሬ ይታዩ። ከሥራቸው አየር ስለማይገባ ይግላሉ፤ ቡናማ ነጠብጣብ፣ እብጠትና የደበዘዘ ፕላስቲክ ዕድሜያቸው እያለቀ መሆኑን ያሳያሉ። በመስታወት የተሸፈነው ፓነል ላይ ደግሞ ማሰሪያዎቹንና ሽቦው የሚገባበትን ቦታ ይዩ። ማሸጊያው ተሰነጣጥቆ ከሆነ ከውስጥ በኩል የጣሪያውን ሽፋን በእጅ ይጫኑ። ለስላሳ ከሆነ ውሃ ገብቷል፤ ያ ጥገና ከሶላሩ ጠቅላላ ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል ዋጋ ሲከራከሩ የሚነሣው እሱ ነው።

ሽቦና ፊውዝ

ባትሪው ደህና፣ ፓነሉ ደህና ሆኖ ቻርጁ ግን ዘገምተኛ ከሆነ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከኮንትሮለሩ እስከ ባትሪው ባለው አጭር መንገድ ላይ ነው። ጥሩ ቻርጅ እየገባ ሳለ ቮልቱን ኮንትሮለሩ ጋ፣ ከዚያም በባትሪው ጫፎች ላይ ይለኩ። ልዩነቱ ከ0.2 ቮልት ከበለጠ ኮንትሮለሩ ባትሪው ሳይሞላ የሞላ እየመሰለው ቶሎ ይቀንሳል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አምፔሩን በደርሶ መልስ የሽቦ ርዝመት በሜትር ያባዙ፣ በ0.0175 ያባዙ፣ ለሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊሜትር ያካፍሉ። 15 አምፔር 3 ሜትር ርቆ ባለ 4 ካሬ ሽቦ ሲሄድ ወደ 0.4 ቮልት ይጠፋል። በ10 ካሬ 0.16 ብቻ ነው። ኮንትሮለሩን ወደ ባትሪው ማቅረብም ያንኑ ውጤት ይሰጣል። ሽቦው በቂ ሆኖ ልዩነቱ ካለ የባትሪውን ሞርሴቶ ፈትተው በብረት ብሩሽ ያጽዱና ያጥብቁ፤ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ልል ማያያዣ የት እንዳለ ይጠቁማል።

ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚወጣ እያንዳንዱ ሽቦ ከጫፉ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ውስጥ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል። የኮንትሮለሩም ጭምር፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እሱ ነው። ፊውዙ የሚመጠነው በሽቦው ነው፦ ለ4 ካሬ 30 አምፔር፣ ለ6 ካሬ 40፣ ለ10 ካሬ 60 የሚሠራበት መነሻ ነው። በፊውዝ ፈንታ ለቤት ኤሲ የተሠራ ማብሪያ ተገጥሞ ካገኙ ይቀይሩት፤ የዲሲን ብልጭታ ለማቋረጥ አልተሠራም።

ኢንቨርተርና የተደበቀ ፍጆታ

1000 ዋት ዕቃ በኢንቨርተር ሲሠራ ከ12 ቮልት ባትሪ 100 አምፔር ገደማ ይሳባል። ስለዚህ የውሃ ማፍያ ወይም የፀጉር ማድረቂያ የባትሪውን አቅም ይፈትናል፤ ሽቦውም አጭርና ወፍራም መሆን አለበት። ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት በርቶ ብቻ ከ0.5 እስከ 2 አምፔር ሊበላ ይችላል፤ በ24 ሰዓት እስከ 48 አምፔር ሰዓት ማለት ነው። በጋዝም በ12 ቮልትም የሚሠራው ፍሪጅ በ12 ቮልት ከ10 እስከ 15 አምፔር ስለሚወስድ ቆሞ ሳለ በሶላር አይነዳም፤ የ12 ቮልቱ መስመር መኪናው ሲጓዝ በዲናሞ እንዲሠራ ነው የተዘጋጀው።

ሁሉን ካጠፉ በኋላ ኔጌቲቩ ሽቦ ላይ ክላምፕ ሜትር ያድርጉ። 0.1 አምፔር ተራ ነገር ነው፤ 0.5 ከሆነ በቀን 12 አምፔር ሰዓት ይጠፋልና ፊውዞቹን አንድ በአንድ እያወጡ ምንጩን ይፈልጉ።

ይበቃል ወይስ አይበቃም

የኮምፕረሰር ፍሪጅ በቀን 40 አምፔር ሰዓት፣ መብራት 5፣ ስልክና ላፕቶፕ 10፣ ማራገቢያና ፓምፕ 10 ቢወስዱ ጠቅላላው 65 ነው፣ ወደ 830 ዋት ሰዓት። ጠፍጣፋ የተነጠፈ 200 ዋት ፓነል፣ 5 ሙሉ የፀሐይ ሰዓት ባለበት ቀን፣ ለኪሣራ 30 በመቶ ተቀንሶ 700 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ትንሽ ይጎድላል፤ ግን በየጥቂት ቀኑ የሚነዳ ሰው በዲናሞው ያካክሰዋል። ፀሐይዋ ዝቅ ባለችበት ወራት ሙሉ ሰዓቱ 1.5 ቢሆን የሚገኘው 210 ዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ያኔ ሁለት ፓነል መጨመርም ክፍተቱን አይሞላም።

ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ፊውዝና ማያያዣ ይቅደም፣ ሴቲንጉ ምንም አያስወጣም፣ ቀጥሎ ባትሪው፣ ከዚያ ኮንትሮለሩ፣ ፓነል በመጨረሻ። አሮጌውን ባትሪ በሊቲየም ለመቀየር ካሰቡ ግን ከዲናሞው የሚመጣውን መስመርም ይዩ። አሮጌ መኪናዎች ላይ ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኘው ተራ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ነው፤ ሊቲየም የተሰጠውን ሁሉ ስለሚስብ ዲናሞው ያለ ዕረፍት ሠርቶ ሊቃጠል ይችላል። በሪሌው ቦታ ዲሲ ለዲሲ ቻርጀር ይገጠማል፤ ለ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 30 አምፔር የሚሰጠው በቂ ነው፣ የመሙያ ቮልቱም ከሶላር ኮንትሮለሩ ጋር አንድ ይደረግ።